ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ

ኖቬምበር 3፣ ሐሙስ

አሮጌው የእንጨት ምድጃዬ ዛሬ ከቤት ወጣ። ሁለት ጎረምሶች እያቃሰቱ ተሸክመው መኪና ላይ ጫኑት።

"ብረት እኮ ነው ናና፣ ምን ያስለቅሳል?" አለችኝ የልጄ ሚስት ኤልዲና። ናና የምትለኝ ልጇ ናይላ አያቷን እንደዚያ ስለምትጠራ ነው።

"ጭሱ ነው" አልኳት። ምድጃው ከትናንት ጀምሮ አልነደደም።

በምትኩ ልጄ ሚርሳድ ከስሎቬኒያ ሆኖ ያስመጣው አዲስ ማሞቂያ ምድር ቤት ተተክሏል። ቁም ሣጥን ያህላል። እንጨት አይበላም፤ የሚበላው ፔሌት ነው፤ የመጋዝ ብናኝ ተጨምቆ የጣት ጥፍር የሚያህል የሆነ፣ ሲያዩት የዶሮ መኖ የሚመስል ነገር። ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ጠመዝማዛ ብረት እየቆነጠረ ወደ እሳቱ ይወስደዋል። ራሱ ይለኩሳል፣ ራሱ ያጠፋል፣ ውሃ አሙቆ በየክፍሉ ወዳሉት ራዲያተሮች ይልካል። ሰው አያስፈልገውም። ሰው የማያስፈልገው ነገር ቤቴ ገባ።

የተከለው ሬሺድ ነው፤ ከታች ከከተማው የሚመጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ግድግዳዬን ቦረቦረው። የሰው ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ።

"ይሄ ለምንድነው?"

"ለአየር ነው እናቴ። እሳቱም እንደ እኛ ይተነፍሳል። ክፍት ይሁን።"

ክፍት ይሁን ያለው ቤቱ የእሱ ስላልሆነ ነው።

ኖቬምበር 6

ከምድር ቤቱ ነፋስ ይመጣል። ደረጃው ላይ ስቆም ቁርጭምጭሚቴን ይዞኝ ይወጣል። ምድር ቤቱን ከላይኛው ቤት የሚለየው በር ደግሞ ከድሮም አይገጥምም።

የባሌ የሳሊህ ወንድም ትራቭኒክ ሲሄድ አውቶቡስ ውስጥ በሁለት ክፍት መስኮቶች መሐል ተቀምጦ ፊቱ ተጣመመ። እስኪሞት አፉ አልተቃናም፤ ሾርባ ሲጠጣ በጎን ይፈስ ነበር። ነፋስ ምን እንደሚያደርግ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ናይላ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ የምትተኛውም ከምድር ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ነው።

የሳሊህን ሹራብ ጠቅልዬ ቀዳዳውን ወተፍኩት። የፔሌቱን ከረጢቶች ደግሞ ፊቱ ላይ ደረደርኩ። ማንም አላየኝም፤ ቢያዩኝስ? የራሴ ግድግዳ ነው።

ነፋሱ ወዲያው ቆመ።

ኖቬምበር 11

ከኤልዲና ጋር በሙቀቱ ቁልፍ ተጣላን። ጠዋት ስነሳ አጠፋዋለሁ፣ ሲመሽ አበራዋለሁ። እሷ መልሳ ታበራለች።

"ናና፣ እባክዎን አይንኩት። አጥፍቶ ማብራት ነው የሚበላው። በተነሣ ቁጥር አንድ ጆግ ሙሉ ይውጣል። ዝቅ አድርገን ከተውነው ቀንም ሌሊትም በእኩል ይሄዳል፣ ግድግዳውም አይቀዘቅዝም።"

"ማንም በማይኖርበት ክፍል እሳት ይነድዳል?"

"የሚኖርበት አለ እኮ። እርስዎ ነዎት።"

ይህን ስትል ሳቀች። ምን ማለቷ እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።

ራዲያተሩ ላይ ያሰጣሁትን አንሶላም አነሳችው። ሙቀቱን ይይዛል አለች። በራሴ ቤት አንሶላ ማድረቂያ አጣሁ።

ኖቬምበር 17

ፔሌቱ እየጎደለ ነው። ሬሺድ እስከ ማርች ያደርሳችኋል ያለው ክምር ገና ከአሁኑ ትከሻው ወርዷል። ጎረቤቴ ፋዲላ መጥታ አየችው።

"አንቺ ጁልሳ፣ ይሄ ምድጃሽ አፍ ነው ወይስ ጉድጓድ?"

"የሚበላው ምድጃው አይመስለኝም።"

"እና ማነው? አይጥ?"

"የሁለት እግር አይጥም አለ።"

ፋዲላ አፏን በመሐረቧ ይዛ ሳቀች። የእሷ የድሮ ምድጃ ክብሪት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የእኔ ግን መብራት ከጠፋ እንደሞተ በሬ ይጋደማል ብላ ስትተርበኝ ቆየች። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች።

የኤልዲና እናት ከወንዙ ማዶ ነው የምትኖረው። እሷም በፔሌት ነው የምትሞቀው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኖቬምበር 20

ምናልባት ሻጩ ይሆናል ብዬ ፈተንኩት። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥቂት ፔሌት ጣልኩ። ጥሩው ይሰምጣል፣ ልቅምቅም እንጨት የሆነው ይንሳፈፋል። ሁሉም ድንጋይ መስለው ሰመጡ። ከረጢቱን ሥር ድረስ ዳሰስኩት፤ ብናኝ የለበትም፣ እርጥበት የለበትም።

ሻጩ ንጹህ ሰው ነው። እንግዲህ ማን ቀረ?

ኖቬምበር 24

የምድጃው መስታወት ጠቆረ። ኤልዲና በእርጥብ ጋዜጣና በአመድ ስትፈትገው ዋለች፤ በማግስቱ መልሶ ጠቆረ። እሳቱም ተለውጧል። መጀመሪያ አጭርና ደማቅ ነበር፤ አሁን ቀይ ሆኖ እየተልወሰወሰ ይረዝማል። አመዱ ውስጥ ያልነደደ ፔሌት አገኘሁ።

"ቀዳዳው ክፍት ነው አይደል ናና?"

"ከረጢቶቹ ኋላ ነው" አልኳት። አልዋሸሁም። ከረጢቶቹ ኋላ ነው።

እሷ እየወሰደች ምድጃው ላይ ታሳብባለች።

ኖቬምበር 28

ራሴን ያመኛል። ይሄ ሁሉ ነገር በሆዴ ይዤ እንዴት አያመኝ።

ዲሴምበር 1

ኤልዲና ጠዋት አስመለሳት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ግንባሯን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ አስደግፋ አገኘኋት።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም። ራሴ ነው። ያልፋል።"

ጠዋት ማስመለስ። መድከም። የምግብ ሽታ መጥላት። ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፣ አንዱ ስሎቬኒያ ነው፣ አንዷ ሳራዬቮ አለች፣ አንዱን ቀብሬአለሁ፤ ይህ ምን እንደሆነ አልጠየቅም። ሚርሳድ የመጣው መቼ ነበር? ኦገስት። ኦገስት ከሆነ እስካሁን ሆዷ ይገፋ ነበር።

ሬሺድ በስልክ ይደውልላታል።

ዲሴምበር 4፣ እሑድ

ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ፤ ሁለቱም ተኝተዋል። ከምሳ በኋላ ተኝተው እስካሁን አልተነሱም።

ከምሳ በፊት ኤልዲና ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሆና ስታወራ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ከሬሺድ ጋር ነበር።

"አንተ ራስህ ካልመጣህ እኔ ብቻዬን አልችልም… አይ፣ ለእሷ እንዳትነግራት። ጠብ ይሆናል… መንገዱ ከተከፈተ ና።"

ከዚያ ለሚርሳድ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ቢሆንም ሰማሁ። "በዚህ ቤት መተንፈስ አልቻልኩም" አለችው።

እንዲህ ነው። አምስት ዓመት አብራኝ ኖራ መተንፈስ አልቻለችም። እንጀራዋን በላሁባት? ልጇን ስታጥብ ውሃ ከለከልኳት? አውቃለሁ ምን እንደምትፈልግ። ናይላን ይዛ መሄድ ነው። ሚርሳድ እስከ ፀደይ እዚህ ሁኑ፣ ቤቱ ይሞቃል፣ እናቴም ብቻዋን አትሆንም ብሏታል። ስለዚህ ቤቱ እንደማይሞቅ፣ እንደሚያሳምም ማሳየት አለባት። ፔሌቱን ታጎድላለች፣ መስታወቱን ታጠቁራለች፣ ራሷን ይዛ ትቀመጣለች።

ናይላ የሌለችበት ቤት እንዴት ያለ እንደሆነ ላስበው አልፈልግም። ትናንት ጠዋት ፀጉሯን ስጎነጉንላት "ናና፣ እጅሽ ዳቦ ዳቦ ይላል" አለችኝ። ይህን ይዞ ማን ወዴት ይሄዳል?

ፊደል የቆጠርኩት ከጦርነቱ በኋላ መጠለያ ውስጥ ነው፤ ፀጉሬ ሸብቶ ነበር። አባቴ ሴት ልጅ ፊደል ካወቀች ለወንድ ደብዳቤ ትጽፋለች ብሎ ከትምህርት ቤት አስቀረኝ። ለማንም ደብዳቤ አልጻፍኩም። የምጽፈው እዚህ ብቻ ነው፤ ጮክ ብዬ ከተናገርኩት ይያዝብኛላ።

ራሴ ሊፈነዳ ነው። ፊደሎቹ ይደራረቡብኛል።

ዲሴምበር 7

ፋዲላ ቤት ዋልኩ። የጎመን ዶልማ ሠርታ ነበር። ራሴ ወዲያው ለቀቀኝ፤ ስመለስ ደግሞ ያዘኝ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። የሚያሳምመኝ ኤልዲናን ማየት ነው።

ዲሴምበር 9

በፖስታ አንድ ነገር መጣ። ነጭ፣ ክብ፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል። ኤልዲና ወንበር ላይ ወጥታ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

"ሚርሳድ ነው የላከው። ለጭስ ነው ናና። መጥፎ አየር ካለ ይጮኻል።"

"ጭስ ካለ አፍንጫ አለኝ።"

"ይሄኛው የማይሸተውን ነው የሚይዘው።"

የማይሸት ጭስ! ጥጉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች። ኮሪደር ሳልፍ ታየኛለች።

ፋዲላ ስነግራት ከንፈሯን ነከሰች። የእህቷ ልጅ ኦስትሪያ ሆኖ እናቱን በእንዲህ ያለ ነገር ያያታል፣ ምን እንደበላች እንኳ ያውቃል አለችኝ።

ዲሴምበር 10

በጠዋት ጮኸ። ሊታረድ እንደተያዘ ዶሮ። ኤልዲና ከብት ልታይ ወጥታ ነበር። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት፤ ባትሪውን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፤ መልሼ ሰቀልኩት።

ምን ተናግሬ ነበር ሲጮህ? "ይቺ ሴት ቤቴን አፈረሰችው" እያልኩ ብቻዬን ሳጉረመርም ነበር። ሰማኝ ማለት ነው።

ዲሴምበር 13

በረዶ። መንገዱ ተዘጋ። ሬሺድ አልመጣም። እሰይ።

ክምሩ ዝቅ ስላለ ከረጢቶቹን ከሌላው ጥግ እየጎተትኩ ወደ ግድግዳው አስጠጋኋቸው። ወገቤ ተቆረጠ።

ዲሴምበር 16

ናይላም አስመለሳት። እናቷን ዓይታ ነው፤ ልጅ ያየውን ያደርጋል። ግን ፊቷ ቀልቷል፤ ጉንጯ ቲማቲም መስሏል። "ጤነኛ ናት፣ እዪ መልኳን" አልኳት ለኤልዲና።

ኤልዲና መስኮቱን ከፈተችው፤ በዚያ ብርድ! ተነስቼ ዘጋሁት። እንደገና ከፈተችው።

"ልጅቷን በነፋስ ልትገድያት ነው?"

"አየር ትንሽ ይግባ፣ ናና። ትንሽ ብቻ።"

"ነፋስ አየር አይደለም!"

ዘጋሁት። ተወችኝ። ለመጣላት እንኳ አቅም አልነበራትም።

ዲሴምበር 20፣ ማክሰኞ

ናይላ አልነቃ አለች

ዲሴምበር 21

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ጠዋት ልቀሰቅሳት ገባሁ። ጠራኋት። ነቀነቅኋት። ዓይኗ ተከፍቶ አያይም ነበር። ኤልዲናን ጮኼ ጠራሁ፤ ግድግዳውን እየያዘች መጣች፤ ልጅቷን ከነብርድ ልብሷ አቅፋ በባዶ እግሯ በረዶው ላይ ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁ። በረዶው ውስጥ ተንበርክካ "ናይላ፣ ናይላ" ትል ነበር። የፋዲላ ልጅ ትራክተሩን አስነሣ፤ እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ አምቡላንስ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ናይላ ፊቷ ላይ ጭምብል አድርገው አየር ይሰጧት ነበር።

"ቤታችሁን የምታሞቁት በምንድነው?"

"በፔሌት" አለች ኤልዲና።

"ማሞቂያው የት ነው? አየር ይገባዋል?"

"ይገባዋል" አለች።

ሐኪሙ የሦስታችንንም ደም ወሰደ። የጭስ መርዝ ነው አለ። ሽታ የለውም። እሳት አየር ሲያጣ የሚወጣ ነው። ተኝተው የሚቀሩ አሉ አለ።

ናይላ ከሰዓት በኋላ ቃል አወጣች። ውሃ ጠየቀች።

ኤልዲናም እርጉዝ አይደለችም። ይህን ሐኪሙ ሳልጠይቀው ነው የተናገረው።

ዲሴምበር 22

ሬሺድ መጣ። ኤልዲናና እኔ ምድር ቤት አብረነው ወረድን። ምድጃውን ከፈተ፣ ጥቀርሻውን በጣቱ ጠረገ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከረጢቶቹን ማንሳት ጀመረ።

"እኔ ይሄን ግድግዳ ያለ ሥራ ነው የበሳሁት? በፊቱ ላይ ግንብ ሠርታችሁበት!"

የመጨረሻውን ከረጢት ሲያነሳ የሳሊህ ሹራብ ታየ። ጎትቶ አወጣው። ግራጫ፣ ክርኑ ላይ ቡናማ ጨርቅ የተለጠፈበት። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

"ይሄን የሠራው ማነው?"



"እኔ ነኝ" አለች ኤልዲና። "ነፋስ ለልጅቷ ፈርቼ።"

ሬሺድ ሰደባት፤ የተማረች ሴት ሆነሽ፣ አስረድቼሽ፣ ተጠንቀቂ ብዬሽ። ወደ እኔ አላየችም። አንድ ጊዜ እንኳ።

ያንን ሹራብ ታውቀዋለች። ሳሊህ ለብሶት ነው የሞተው፤ እሷ ናት ያጠበችው።

ምን ፈልጋ ነው? ይህን ለምን ታደርጋለች? በአንገቴ ላይ ገመድ ልታስር ነው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ትጎትተዋለች።

ባትሪውን መለስኩት። ማን እንዳወጣው የጠየቀ የለም።

ዲሴምበር 23

ናይላ ወደ ቤት መጣች። ምድጃው በአንድ ሌሊት ሌላ ምድጃ ሆነ። እሳቱ አጭር፣ ነጭ። ደረጃው ላይ ግን ቁርጭምጭሚቴን ነፋስ ይዞኛል። ሱሪ ደርቤ ለበስኩ።

ዲሴምበር 24፣ ቅዳሜ

ሚርሳድ ደወለ። ኤልዲና ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ነው የያዘችው፣ እንዲያ ይጮህ ነበር።

"በገዛ እጅሽ! ልጄን በገዛ እጅሽ! ማክሰኞ እመጣለሁ፤ ናይላን ሳራዬቮ ሴናዳ ጋ አደርሳታለሁ። እህቴ ቢያንስ ጨርቅ ወትፋ ልጅ አትገድልም። አንቺ እዚያው ቆይ። ካንቺ ጋር አላስተኛትም!"

የኤልዲና እንባ በአገጯ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። ናይላ ጠረጴዛው ሥር ሆና በማንኪያ ድስት ትመታ ነበር።

ስልኩን ከእጇ ቀማሁት።

"ሹራቡ የአባትህ ነው" አልኩት።

"እማ? ምን?"

"የወተፍኩት እኔ ነኝ። ነፋስ ይገባ ነበር።"

"እማ፣ ልጅቷ ልትሞት ነበር እኮ" አለኝ፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ከጩኸቱ ይህ ከበደኝ።

ስልኩን መልሼ ለኤልዲና ሰጠኋትና ድንች ልልጥ ገባሁ።

ይህን ያደረግሁት ለእሷ ብዬ አይደለም። በእኔ ላይ ውለታ እንዳይኖራት ነው። ጩኸቱም ረብሾኝ ነበር።

ዲሴምበር 27፣ ማክሰኞ

ሚርሳድ መጣ። ጉንጬን ሳመኝ፤ የማያውቃትን ሴት እንደሚስም። ፒታ ጋግሬ ነበር፤ ሁለት ቁራሽ በላና ምድር ቤት ወረደ፤ ቆይቶ ወጣ። እኔ ጓዳ ሆኜ፣ በሩ ገርበብ ብሎ።

"ዕቃችሁን ሰብስቡ። ሁለታችሁም ሴናዳ ጋ ትሄዳላችሁ።"

"እህትህ ሶፋ ላይ ሦስት ወር አልተኛም" አለች ኤልዲና።

"ከዚህ በኋላ ከእማ ጋር ትኖሪያለሽ?"

"ማሞቂያው አሁን ደህና ነው። ቤቱ ይሞቃል። ናይላም ሴናዳን አታውቃትም፣ ታለቅሳለች። አንተ ቤት ስታገኝልን እንመጣለን።"

"ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ብትወትፍስ?"

"የምድር ቤቱን ቁልፍ እኔ እይዛለሁ።"

"ያን ብቻ?"

"ያን ብቻ። አንተ ደግሞ አፍህን ትተህ ቤቱን ፈልግ።"

ሚርሳድ ሳቀ። እኔ ላይ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም።

ማታ ሳትጠይቀኝ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አንስታ ኪሷ ከተተች። አመሰግናለሁ አላለችም።

ዲሴምበር 30

ሚርሳድ ትናንት ሄደ። ዛሬ አብረን ተርሺያ፣ ለክረምት በኮምጣጤ የዘፈዘፍነውን አትክልት፣ ከማሰሮ ስናወጣ፣ እጃችን ሁለታችንም ኮምጣጤ ውስጥ እያለ፣ ጠየቅኋት።

"ሬሺድ ሲጠይቅ እኔ ነኝ ያልሽው ለምንድነው?"

ቃሪያውን አራግፋ ሳህን ላይ አደረገች።

"ደክሞኝ ነበር፣ ናና። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። እሳቸው ናቸው ብል እርስዎ ይጮኻሉ፣ እሱ ይጮኻል፣ ከዚያ ሚርሳድ። እኔ ነኝ ካልኩ የሚጮኸው አንድ ሰው ብቻ ነው።"

"ለዚያ ብለሽ ነው?"

"ለዚያ ነው። ጎመኑን ያቀብሉኝ።"

አቀበልኳት።

አላመንኳትም። ማንም ሰው ለዚህ ብቻ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ላይ አይጭንም። ሌላ ምክንያት አላት። እስከ ማርች በረዶው አይለቅም፣ እሷም አትሄድም፤ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።